ቀጤማ በሊሾ ላይ፦ ግራጫና አረንጓዴ ሳሎን

ግራጫና አረንጓዴ ሳሎን የሚባለው ሰፊውን ቦታ፣ ማለትም ግድግዳውን፣ ወለሉንና ትልቁን ሶፋ፣ ግራጫ ይዞት አረንጓዴው በመጋረጃ፣ በትራስ፣ በአንድ ግድግዳ ወይም በተክል የሚገባበት ቤት ነው። በአያት፣ በጀሞና በሰሚት ኮንዶሚኒየሞች አዲስ ቁልፍ የተረከቡ ቤተሰቦች ለቀለም ቀቢው በስልካቸው ከሚያሳዩት ፎቶግራፍ መካከል ይህ ጥምረት አይጠፋም። ፎቶግራፉ ላይ ክፍሉ ረጋ ያለ፣ ሰፋ ያለና ንጹሕ ነው። ቀለሙ ተገዝቶ ሲቀባ ግን ግራጫው አንዳንዴ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ አንዳንዴም ሳሎኑ የድሮ ቢሮ ኮሪደር መስሎ ያርፋል። ጥፋቱ የጥምረቱ አይደለም። ፎቶግራፉ የተነሣው በሌላ አገር ብርሃን፣ በሌላ መስኮትና በሌላ መብራት ነው። ቀለም ደግሞ መልኩን የሚያገኘው ከሚያርፍበት ብርሃንና ከጎረቤቱ ቀለም ጭምር ነው።

## ሊሾና ቀጤማ

ሁለቱ ቀለሞች ተጣምረው መታየታቸው ለኢትዮጵያ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። የብዙ የከተማ ቤት ወለል ለረጅም ጊዜ ሊሾ ነበር፤ በሲሚንቶ እስኪያብረቀርቅ የተለሰነ፣ በየሳምንቱ በውኃ የሚታጠብ ግራጫ። በበዓል ዋዜማ ወለሉ ታጥቦ ሲደርቅ እርጥብ ቀጤማ ይጎዘጎዝበታል፣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ከሰሉ ይያያዛል። ያን ቀን ቤቱ የሚለወጠው አዲስ ዕቃ ገብቶበት አይደለም። ግራጫው ወለል ከቀጤማው ጋር አይሻማም፤ አረንጓዴው ብቻውን እንዲናገር ዝም ይልለታል። ያው ቀጤማ ብዙ ጌጥ ባለው ምንጣፍ ላይ ቢበተን ግማሹ ውበቱ ይጠፋል።

የዛሬው ግራጫና አረንጓዴ ሳሎን የሚሠራበት መርሕ ከዚህ የተለየ አይደለም። ግራጫው መደብ ነው፣ አረንጓዴው ሕይወት ነው። ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ ወይም እኩል ሲካፈሉ ጥምረቱ ይደክማል።

> ግራጫው ወለል ከቀጤማው ጋር አይሻማም፤ አረንጓዴው ብቻውን እንዲናገር ዝም ይልለታል።

ቋንቋውም ቢሆን ስለ ሁለቱ ቀለሞች የሚያውቀው ብዙ ነው። የገጠሩ አማርኛ ግራጫን በከብትና በጋማ ከብት ቆዳ ላይ ለይቶ ይጠራል፤ ግራጫ በቅሎ አለ፣ ዳለቻ በሬ አለ፣ ከአመድ የተወሰደ አመድማም አለ። ከብቱን በመልኩ የሚለይ ገበሬ ግራጫ አንድ ቀለም አለመሆኑን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። አረንጓዴም ቅጠልያ ሲባል ስሙን ከቅጠል ይዋሳል፤ ቅጠል ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። ይህ የቃላት ሀብት ቀለም መሸጫ ሱቅ ሲገባ ወደ ሁለት ቃል ይጠብባል፦ «ደማቅ» እና «ፈዛዛ»። አብዛኛው ስሕተት የሚጀመረውም እዚያ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ግራጫን የአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ቀለም አድርጎታል። በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ብዙ ሕንፃዎች በግራጫ ዓይነቶች ተቀብተዋል፣ ከፊታቸውም ሣርና አበባ ተተክሏል። ነዋሪው ይህን ጥምረት በየቀኑ በታክሲ መስኮት ያየዋል። ለሕንፃ ፊት የተመረጠ ግራጫ ግን ለሳሎን አይሆንም። ውጭ ያለው ግድግዳ ሙሉ ፀሐይ ስለሚያገኝ ጠቆር ያለ ግራጫ እንኳ ቀለል ብሎ ይታያል። ያው ቀለም አንድ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ከባድ ይሆናል።

## ግራጫ ከሥሩ

ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎ የሚገኘው ንጹሕ ግራጫ በቀለም መሸጫው እምብዛም አይገኝም። በባልዲ የሚሸጠው ግራጫ ከሥሩ ሌላ ቀለም አለው፤ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ ያደላል። ናሙናው ለብቻው ሲታይ ይህ አይለይም። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከጎኑ ሲቀመጥ ግን ወዲያው ይወጣል። ልምድ ያላቸው ቀለም ቀቢዎች ናሙናውን በነጭ ወረቀት ላይ አስደግፈው ወደ መስኮት የሚወስዱት ለዚህ ነው፤ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ብዙ ባልዲ ቀለም ግን ያድናል።

ከአረንጓዴ ጋር ሲሆን ይህ ሥር ያለው ቀለም የበለጠ ይገለጣል። ምክንያቱን የመረመረው ሚሼል ኤዥን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። በፓሪስ በጎብለን የምንጣፍና የመጋረጃ ሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ሆነ የሚል ቅሬታ ሲቀርብለት ክሩን መርምሮ ከቀለሙ ምንም ጉድለት አላገኘም። ጥቁሩን ያደበዘዘው ከጎኑ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን አንዱ ላይ የሌላውን ተቃራኒ ይጨምርበታል። የአረንጓዴ ተቃራኒ ወደ ቀይ ያደላ ነው። ስለዚህ ከትልቅ አረንጓዴ መጋረጃ አጠገብ ያለ ግራጫ ግድግዳ ትንሽ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይሳባል።

ቤተሰቡ «ያልመረጥነው ቀለም መጣ» ብሎ ከቀቢው ጋር የሚጣላው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቀቢው አላታለለም፣ ሻጩም አልተሳሳተም፤ መጋረጃው ሲሰቀል ግድግዳው ተለወጠ። መፍትሔው ከመነሻው ከሥሩ ትንሽ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ያለበትን ግራጫ መምረጥ ነው። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው ግራጫ ከአረንጓዴ ጋር ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ በሱቅ ውስጥ የቱንም ያህል ቢያምር።

> ቀቢው አላታለለም፣ ሻጩም አልተሳሳተም፤ መጋረጃው ሲሰቀል ግድግዳው ተለወጠ።

ጥቁረቱም ይለካል። የቀለም አምራቾች አንድ ቀለም ካረፈበት ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ ከ0 እስከ 100 ባለ ቁጥር ይገልጹታል፤ ጥቁር ወደ 0፣ ነጭ ወደ 100 ይጠጋል። አንድ መስኮት ብቻ ላለው የኮንዶሚኒየም ሳሎን ከ50 በላይ የሆነ ግራጫ ይመቻል። ከዚያ በታች ያለው ለአንድ ግድግዳ እንጂ ለአራቱም አይሆንም። ጣሪያው ነጭ ይቆያል።

## የአዲስ አበባ ፀሐይ

በውጭ አገር የተጻፉ የቤት ማስዋቢያ መጻሕፍት ብርሃንን የሚያስተምሩት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ነው። እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ ሁልጊዜ ሞቃት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በከተማዋ ሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቤት ለሚያስውብ ሰው ጠቃሚ ነው። ወደ ደቡብ የሚያይ ሳሎን ፀሐዩን የሚያገኘው በበጋ፣ ሰማዩ በጠራበት ወራት ነው። ወደ ሰሜን የሚያየው ተራው ሲደርስ ግን ክረምት ይገባና ደመና ይጋርደዋል። የሰሜኑ ሳሎን እዚህም ቀዝቃዛ መሆኑ ስለዚህ አይቀርም፤ ምክንያቱ ግን ደመናው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ከሥሩ ቡናማ ያለበት፣ ሞቅ ያለ ግራጫ ይሻላል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው በሐምሌ ዝናብ ቀን ክፍሉን የበለጠ ያቀዘቅዘዋል።

ከሰሜንና ከደቡብ ይልቅ ለውጡ የሚበረታው ግን በምሥራቅና በምዕራብ መስኮቶች ነው። በምሥራቁ ሳሎን ጠዋት ላይ አረንጓዴው ቦግ ብሎ ከቀትር በኋላ ይረጋል። በምዕራቡ ሳሎን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የሚገባው ቢጫ ብርሃን ግራጫውን ወደ ቡናማ፣ አረንጓዴውን ወደ ወይራ ፍሬ ቀለም ይወስደዋል። ቤተሰቡ በአብዛኛው ሳሎን የሚቀመጠው ማታ ነው ከተባለ የምዕራቡ መስኮት የሚሰጠው የመጨረሻ ሰዓት ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል።

ስለዚህ ናሙና ሱቅ ውስጥ አይወሰንም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ተቀብቶ ይደርቃል። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ከእርጥቡ ይልቅ ጠቆር ስለሚል እርጥቡን አይቶ መፍረድ አይገባም። ካርቶኑ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳና ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ተራ በተራ ይደገፍና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይታያል። የአንድ ግድግዳ ቀለም በሌላው ግድግዳ ላይ ሌላ ቀለም መምሰሉ ያስገርማል፤ አንዴ ያየ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ በትንሽ ናሙና አይወስንም።

## የትኛው ቅጠል

ከግራጫ ጋር የሚስማማ አረንጓዴ ራሱ ትንሽ ግራጫ የገባበት ነው። በእንግሊዝኛው ዓለም የሴጅ ቅጠል የሚባለው ቀለም ይኸው ነው። ለዚህ ቀለም ስም ለመዋስ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡና ላይ የሚጣለው ጤና አዳም ቅጠሉ ንጹሕ አረንጓዴ አይደለም፤ ላዩ ላይ አመድ የነካው፣ ወደ ሰማያዊ የሚስብ ለስላሳ ቀለም ነው። አሪቲ ከዚያም አልፎ ወደ ብር ይጠጋል። እሬትም የዚሁ ወገን ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ግራጫማ ነው፤ እንጦጦን ከሩቅ ያየ ሰው ተራራው ላይ የሚያየው ግራጫና አረንጓዴ ተዋሕደው ነው። ቀለም ሻጭ ዘንድ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ይዞ መሄድ ከስልክ ፎቶግራፍ ይሻላል። ስልክ ቀለምን ይለውጣል፣ ቅጠሉ ግን አይለወጥም።

ደማቁ የሣር አረንጓዴ በሰፊ ግድግዳ ላይ ከግራጫ ጋር ሲገናኝ ግራጫውን ያቆሽሸዋል፤ የቆሸሸ ነጭ ያስመስለዋል። ለትራስ ወይም ለአበባ ማስቀመጫ ግን ይሆናል። በጣም የጠቆረው የጽድ አረንጓዴ ደግሞ ሰፊ መስኮት ላለው ቤት፣ ለአንድ ግድግዳ ብቻ፣ ግሩም ነው። ከፊቱ የዋንዛ እንጨት ቡፌ ሲቀመጥ የሚሰጠውን ክብር ሌላ ቀለም አይሰጥም።

እናቶችና አያቶች ግራጫና አረንጓዴ ግድግዳ ሲያዩ «ሆስፒታል መሰለ» ይላሉ። ይህ አስተያየት በችኮላ ሊታለፍ አይገባም፤ መሠረት አለው። በ1914 እ.ኤ.አ. ሃሪ ሸርማን የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነጩ የቀዶ ጥገና ክፍል እያንጸባረቀ ዓይኑን ስላስቸገረው ግድግዳውን አረንጓዴ አስቀባ። አረንጓዴ የደም ቀለም ተቃራኒ በመሆኑ ዓይን ከቁስሉ ላይ ቀና ሲል ያርፍበታል። ልማዱ በየአገሩ ሆስፒታሎች ተስፋፋ። በኢትዮጵያም በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤትና በቢሮ የግድግዳው የታችኛው ግማሽ በሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ፣ መቀባቱ የተለመደ ሆኖ ቆይቷል፤ እጅና ጫማ የሚያቆሽሸው እዚያ ስለሆነ ለማጠብ ይመቻል። እናቶች ያስታወሱት ይህንን ነው። ሳሎኑን ከዚያ ትዝታ የሚያወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ግድግዳውን አግድም ለሁለት አለመክፈል፣ የማያብረቀርቅ ቀለም መጠቀም፣ ከሁሉም በላይ እንጨትና ጨርቅ ማብዛት።

> ቀለም ሻጭ ዘንድ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ይዞ መሄድ ከስልክ ፎቶግራፍ ይሻላል።

አረንጓዴ ቀለም አስከፊ ታሪክም አለው። በስዊድን ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ሺሌ በ1775 እ.ኤ.አ. ከመዳብና ከአርሴኒክ የቀመመው ውብ አረንጓዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ቤቶች የግድግዳ ወረቀት ላይ ገብቶ ሰዎችን መርዟል። ዛሬ ያ ቅመም የለም። በቀለም ውስጥ የሚፈራው እርሳስ ነው። በኢትዮጵያ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ1,000,000 ክፍል ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ተወስኗል። ልጆች ባሉበት ቤት ስሙ ያልተጻፈበት፣ አምራቹ የማይታወቅ ዘይት ቀለም በርካሽ ተገኘ ብሎ መግዛት አደገኛ ነው።

## ስንቱ ግራጫ፣ ስንቱ አረንጓዴ

የውስጥ ዲዛይን ባለሙያዎች ስድሳ፣ ሠላሳ፣ ዐሥር የሚል መለኪያ አላቸው፦ ስድሳ እጅ ዋናው ቀለም፣ ሠላሳ እጅ ተከታዩ፣ ዐሥር እጅ ሦስተኛው። ለጀማሪ ይረዳል። በትንሽ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ግን ሠላሳ እጅ አረንጓዴ ይበዛል። ሶፋው የክፍሉን ግማሽ በሚይዝበት ቤት አረንጓዴ ሶፋ መግዛት ብቻውን መጠኑን ያልፈዋል። ግራጫ ሶፋ፣ አረንጓዴ መጋረጃ የሚለው አካሄድ ሌላም ጥቅም አለው፤ መጋረጃ ይለወጣል፣ ሶፋ ግን ለዓመታት ይቆያል። ለተከራይ ደግሞ ይህ ብቸኛው መንገድ ነው። ግድግዳ መቀባት የማይፈቀድለት ሰው በመጋረጃ፣ በምንጣፍና በተክል ብቻ ጥምረቱን ሊያመጣው ይችላል።

ሦስተኛው ቀለም ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ወርቃማ ጌጥ፣ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ፣ ቀይ የፕላስቲክ አበባ ይጨመርና ሳሎኑ ይታወካል። የኢትዮጵያ ቤት ሦስተኛውን ቀለም ቀድሞውኑ ይዞታል፦ የዋንዛው እንጨት ቡናማ፣ የጀበናው ጥቁር፣ የመሶቡ የስንደዶ ቢጫ። እነዚህ በግራጫ ግድግዳ ፊት ሲቀመጡ ከሱቅ የመጣ ጌጥ ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይታያል። የመንዝ ባና ወይም ዝተት፣ ካልተነከረ የበግ ፀጉር የተሠራው፣ በራሱ ግራጫ ነው፤ ከፋብሪካ ከሚወጣው ግራጫ የሚለየው በአንዱ ክር ውስጥ ነጭም፣ ጥቁርም፣ ቡናማም ስላለበት ነው። በሶፋ ክንድ ላይ ጣል ሲደረግ የክፍሉን ቅዝቃዜ ያወጣለታል። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ አረንጓዴ ጥለት ያለው ጨርቅ አሠርቶ ትራስ ማልበስም ይቻላል፤ ጥለቱ ቀጭን ይሁን።

ተክል አረንጓዴውን ያለ ቀለም ይሰጣል። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች የሚገዛ አንድ ትልቅ ቅጠል ያለው ተክል በመስኮቱ አቅራቢያ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ከአምስት ትንንሽ ማሰሮዎች የበለጠ ይሠራል። የፕላስቲክ ተክል አቧራ ሲይዝ ግራጫ ይሆናል፤ ይህ ግን የሚፈለገው ግራጫ አይደለም።

መጋረጃው ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳንና ጨርቅን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ላይ የተሰቀለ አረንጓዴ ጨርቅ ቶሎ ይገረጣል። ከኋላው ነጭ ገበር ከተሰፋለት ዕድሜው ይረዝማል።

## ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ

ቀለም ቀቢዎች ሥራው የሚያልቀው በስቱኮ ነው ይላሉ፤ ቀለሙ የስቱኮውን ጥራት ከማሳየት ያለፈ ነገር አይሠራም። ግራጫ ይህን በጣም ያጋልጣል። መስኮቱ ከግድግዳው ጎን ሲሆን ብርሃኑ ገጹን ታክኮ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ጉብታና ጭረት ጥላ ይጥላል። በነጭ ግድግዳ ላይ የማይታየው በግራጫ ላይ ይወጣል፤ በሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ላይ ደግሞ ከበር ሲገባ ይታያል። ስለዚህ ስቱኮው ተቀብቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ አቧራው ተወልውሎ፣ ማታ በእጅ መብራት ከጎን እየታየ መፈተሽ አለበት።

አዲስ ልስን ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አልካሊ አንዳንድ የአረንጓዴ ማቅለሚያዎችን ይበላል። በሰማያዊና በቢጫ ቅይጥ የተሠራ አረንጓዴ ከሆነ ሰማያዊው ቀድሞ ይጠፋና ግድግዳው ቢጫ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ አራት ሳምንት ያህል ቢደርቅና መሠረት ቀለም ቢያገኝ ይህ አይደርስም። ሌላ ቤት ተከራይተው ኪራይ እየቆጠሩ ያሉ ባለቤቶች ይህን አራት ሳምንት መጠበቅ ይከብዳቸዋል፤ የሚያስቸኩላቸውም እውነተኛ ችግር ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ግራጫውን አስቀብቶ መግባት፣ የአረንጓዴውን ግድግዳ ለኋላ ማቆየት ይቻላል።

## ማታ ላይ

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱ ቀለሞች እኩል አይሸሹም። ቼካዊው የሥነ አካል ሊቅ ያን ፑርኪኜ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳስተዋለው፣ ሲመሽ ቀዩ ቀድሞ ይጠቁራል፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ግን ለጥቂት ጊዜ ብርሃን እንደያዙ ይቆያሉ። በዐሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ መብራት ከመብራቱ በፊት፣ በግራጫው ክፍል ውስጥ መጋረጃውና ቅጠሉ ብቻ የሚያበሩ የሚመስሉበት አጭር ጊዜ አለ። ግራጫና አረንጓዴ ሳሎን በጣም የሚያምረው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ አምፖሉ ይወስናል። በሱቆች በብዛት የሚገኘው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል በብርሃን ቀለም መለኪያ 6,500 ኬልቪን ነው፤ በእሱ ሥር ግራጫ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የሰው ፊትም ይገረጣል። 3,000 ኬልቪን ተብሎ የተጻፈበት አምፖል ግራጫውን ያሞቀዋል፣ የእንጨቱንም ቡናማ ያወጣዋል። አንድ ኃይለኛ አምፖል ከጣሪያ ላይ ከማንጠልጠል ይልቅ ሁለት ሦስት ደካማ መብራቶችን በተለያየ ከፍታ ማስቀመጥ ግራጫው ግድግዳ ብርሃንና ጥላ እንዲኖረው ያደርጋል። አምፖሉ ከቀለሙ በፊት ይገዛል፤ የካርቶኑ ናሙናም ማታ የሚታየው በእሱ ብርሃን ነው።

ቀቢዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው መሰላሉን ሲያወጡ ከእያንዳንዱ ቀለም ግማሽ ሊትር ያህል በጥብቅ በሚዘጋ ጣሳ ይቀራል። ግራጫ በድጋሚ ሲቀመም ከመጀመሪያው ጋር መገጣጠሙ አስቸጋሪ ስለሆነ የተቀመመበት ቁጥር፣ የሱቁ ስምና ቀኑ ጣሳው ላይ ይጻፋል። ሶፋው ሲገፋ ግድግዳው የተፋቀ ቀን ይፈለጋል።